ካምፓኒስ ሐውስ፦ አንጋፋዎቹን የብሪታንያ ኩባንያዎች በመዝገባቸው ማንበብ
የብሪታንያ ኩባንያዎች የተመሠረቱበትን ዓመት በማስታወቂያቸውና በሱቃቸው መግቢያ ላይ በጉልህ መጻፍ ይወዳሉ። ይህን ዓመት ከመንግሥት መዝገብ ጋር ማስተያየት ለሚሻ ሰው፣ ካምፓኒስ ሐውስ የተባለው የኩባንያዎች መዝገብ ቤት በኢንተርኔት የሚሰጠው የፍለጋ አገልግሎት ሊመሰገን የሚገባው ነው። መዝገብ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዲጂታል መልክ ያለውን መረጃ ያለ ክፍያ ያቀርባል። የኩባንያውን ስም ሲጽፉ የምዝገባ ቁጥሩ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ አድራሻው፣ የዳይሬክተሮቹ ስምና ያስገባቸው ሰነዶች ይወጣሉ።

ለመፈተሻ ባንኮችን መረጥሁ። ባርክሌይስ ታሪኩን ከ1690 ይቆጥራል፤ ባርክሌይስ ባንክ ፒኤልሲ (ፒኤልሲ በብሪታንያ አክሲዮኑን ለሕዝብ መሸጥ የሚችል ኩባንያ ማለት ነው) ግን ቁጥሩ 1026167 ሲሆን የተመዘገበውም በ1971 ነው። እንቆቅልሹን የሚፈታው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው የቀድሞ ስሞች ዝርዝር ነው፦ ይህ ድርጅት እስከ 1985 ድረስ የባንኩን የውጭ አገር ሥራ ይመራ የነበረው ባርክሌይስ ባንክ ኢንተርናሽናል ነበር። የ1896ቱን አሮጌ ምዝገባና 48839 የሚለውን ቁጥር ይዞ የቀረው እናት ኩባንያው ባርክሌይስ ፒኤልሲ ነው፤ 1896 ደግሞ በርካታ የግል ባንኮች ተዋሕደው አንድ አክሲዮን ማኅበር የሆኑበት ዓመት ነው። በ1765 በበርሚንግሃም የተጀመረው ሎይድስ ባንክም በመዝገቡ ላይ የ1865 ልጅ ነው፤ 2065 የሚለው አጭር ቁጥሩ ግን ከቀደምቶቹ ተመዝጋቢዎች አንዱ መሆኑን ወዲያው ያሳብቃል። ከሁሉ የገረመኝ ሲ. ሆር ኤንድ ካምፓኒ ነው፤ በ1672 የተመሠረተው ይህ የቤተሰብ ባንክ እስከ 1929 ድረስ ሳይመዘገብ ቆይቶ፣ ሲመዘገብም ኃላፊነቱ ያልተወሰነ ኩባንያ ሆኖ ነው፤ ባንኩ ቢወድቅ ባለቤቶቹ በግል ሀብታቸው ጭምር ይጠየቃሉ ማለት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከሕጉ ነው። የኩባንያ መዝጋቢ ሹም የተቋቋመው በ1844 ሲሆን፣ ተራ ነጋዴዎች ኃላፊነታቸውን መወሰን የቻሉት ከ1855 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ንግዶች የሽርክና ማኅበራት ወይም በንጉሣዊ ቻርተር የቆሙ ድርጅቶች ስለነበሩ፣ በገጹ ላይ የሚታየው ቀን ሕጋዊ ቅርጻቸውን ያገኙበት እንጂ የተወለዱበት አይደለም። አገልግሎቱ ይህን ለእንግዳ ሰው በአንድ መስመር ቢያስረዳ ምን ነበረበት?

ጉድለቶችም አሉት። የአንጋፋዎቹ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ በገጹ ላይ የሉም፤ የብዙዎቹ የፈረሱ ጥንታዊ ኩባንያዎች ፋይል ያለው ለንደን ውስጥ ኪው በተባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ትንንሽ ኩባንያዎች የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ሳያቀርቡ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ብቻ ማስገባት ስለሚፈቀድላቸው፣ የቤተሰብ ንግድ በምን አትርፎ እንደኖረ ከመዝገቡ ማወቅ ያስቸግራል። ዕድሜ ዋስትና እንዳልሆነ ግን መዝገቡ በግልጽ ያሳያል፤ ከ1591 ጀምሮ በኬንት ቤት ሲሠራ የኖረው ደርትኔል በ2019 ሥራውን ሲያቆም፣ ከዚያ ወዲህ የተከማቸው ሰነድ የኪሳራ ሂደት ወረቀት ነው።

ትልቁ ቅሬታዬ የማጣራት ጉዳይ ነው። መዝገብ ቤቱ ለረጅም ዘመን የተሰጠውን መረጃ እንዳለ ተቀብሎ ያስቀምጥ ነበር፤ አጠራጣሪውን የመጠየቅና የመመለስ ሥልጣን ያገኘው በመጋቢት 2024 ነው። ከዚያ በፊት የገባውን ሰነድ የሚያነብ ሰው ኩባንያው ስለ ራሱ የሰጠው ቃል አድርጎ ቢወስደው ይሻለዋል።