ላንቃ ማስፊያው፦ ሁለት ሳምንት ማዞር፣ ሰባት ወር ማጽዳት

ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ፣ ሰባት ወር ሙሉ፣ አፏ ውስጥ ብረት ተሸክማ ከረመች። ባለፈው ሳምንት ወጣላት። ሊገጠምላት ሰሞን የሌላ እናት ልምድ በአማርኛ ፈልጌ ስላጣሁ፣ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዕቃውን ሐኪሞቹ ኤክስፓንደር ይሉታል። የእኛው ዓይነት ሃይራክስ ይባላል። እቤት ግን ስሙ "ብሎኑ" ነው። አራት የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ሁለቱ የኋላ መንጋጋዎቿ ላይ፣ ሁለቱ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ባሉት አነስ ያሉ ጥርሶች ላይ ይጠልቁና በሲሚንቶ ይጣበቃሉ። ከቀለበቶቹ የሚወጡት ወፈር ያሉ ሽቦዎች ላንቃዋ መሃል ካለች ትንሽ ብሎን ጋር ይገናኛሉ። ብሎኗ ስትዞር ግራና ቀኙ ይራራቃል። በቃ። ባትሪ የለው፣ ምን የለው። የመኪና ክሪክ በሉት።

ላንቃችን አንድ ወጥ አጥንት ይመስለናል እንጂ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ነው፤ መሃል ላይ እንደተሰፋ ዓይነት። በልጅነት ስፌቱ ገና ልል ነው። በጉርምስና ዓመታት እየተቆላለፈ ይሄዳል፤ መቼ እንደሚዘጋ ከልጅ ልጅ ይለያያል። ከተዘጋ በኋላ ይህ ብሎን ብቻውን አይችለውም። ላንቃ አጥንት ውስጥ ትንንሽ ብሎኖች መትከል ወይም ቀዶ ሕክምና ይመጣል። እኛ "ስታድግ ይስተካከላል" እየተባልን ሁለት ዓመት አባክነናል። የሚስተካከል አልነበረም። ጊዜው ነበር የሚያልፈው።

የልጄ ችግር ምን ነበር? የሙዳይ ክዳን ከሙዳዩ አፍ ሰፋ ብሎ ከላይ ይገጥማል አይደል? የእሷ ክዳን ጠቦ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የላይኞቹ መንጋጋዎች ከታችኞቹ ውስጥ ይገቡባታል። ለመንከስ አገጯን ወደ ቀኝ ሸርተት ታደርጋለች። ፎቶ ላይ ሁሌ አንገቷን ያዘመመች ትመስል ነበር፤ ለካ አገጯ ነው።

አዲስ ፈጠራ መስሎኝ ፈርቼም ነበር። አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ኤመርሰን ኤንጅል የሚባል የጥርስ ሐኪም የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ላንቃ በብሎን በሁለት ሳምንት ማስፋቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። የሙያ ጓደኞቹ አላመኑትም። አንድሩ ሃስ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ነገሩን በ1961 መልሶ እስኪያነሳው ድረስ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ቆየ። በልጄ ዕድሜ ባለች ልጅ መጀመሩን ሳነብ ቀለል አለኝ።

የተገጠመላት ሐምሌ 26 ነው። ከሳምንት በፊት ለቀለበቶቹ ቦታ እንዲከፍቱ ጥርሶቿ መሃል ትንንሽ ጎማዎች ገብተው ነበር። ልጄ እስከ ዛሬ የምታማርረው በጎማዎቹ ነው እንጂ በብሎኑ አይደለም። ክረምቱን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ንግግሯ ቢበላሽ የሚስቅባት ወንድሟ ብቻ ነው።

ተበላሸም። ምላስ ላንቃ ካልነካ ሸ፣ ጨ፣ ጀ እና ኘ አይወጡም። "ሽሮ" "ስሮ" ሆነ፣ "ጫማ" "ጣማ" ሆነ። ወንድሟ ሳምንቱን ሙሉ "እስቲ ጨጨብሳ በይ!" እያለ ሲያሰቃያት ነበር። ምራቋም ይዝረከረካል። ለሁለት ሌሊት ትራሷ ላይ ፎጣ አነጠፍን። በአሥረኛው ቀን ግን ስልክ ላይ ስታወራ አያቷ ልዩነቱን አላወቁም።

አሁን ወደ ማዞሩ። የምታዞሩት እናንተ ናችሁ፣ ሐኪሟ አይደለችም። ይህን ክሊኒክ ሄጄ ስሰማ ጉልበቴ ራደ። የታዘዘልን ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ14 ቀን ነው። አንዱ ዙር ሩብ ዙር ማለት ነው፤ ሩብ ሚሊ ሜትር ይከፍታል። 28 ጊዜ ሲዞር 7 ሚሊ ሜትር።

አደራረጉ እንዲህ ነው። አልጋ ላይ ተንጋልላ ጭንቅላቷን ከጠርዙ ወደ ታች ታንጠለጥላለች። ወንድሟ በስልኩ ያበራል። ቁልፏ ጫፏ የተቆለመመ ቀጭን ሽቦ ናት፤ እጀታ አላት። እጀታዋ ላይ ክር አስሬ ክሩን ጣቴ ላይ እጠመጥማለሁ፤ ካመለጠችኝ ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳትገባ። ብሎኗ መሃል ላይ ቀዳዳ አለ። ቁልፏን ከፊት በኩል አስገብቶ ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ መግፋት ነው፤ ቀጣዩ ቀዳዳ ከፊት ሙሉ በሙሉ ብቅ እስኪል። "ሙሉ በሙሉ" የሚለውን አስምሩበት።

እኔ አላሰመርኩበትም። የፍልሰታ መጀመሪያ ማታ፣ ማዞር በጀመርን በአምስተኛው ቀን፣ መብራት ሄደ። የስልኩም ባትሪ ሊያልቅ ነው። ተጣድፌ ገፋሁ፣ ተጣድፌ አወጣሁ። ቁልፏ ስትወጣ ብሎኗን ትንሽ መልሳት ኖሯል። ጠዋት ብናይ ቀዳዳው ግማሹ ተደብቋል። ቁልፍ አይገባም። ባለቤቴ ሞከረ፣ እጁ ተንቀጠቀጠና ተወው። እናቴ በር ላይ ቆማ "በስመ አብ! የልጅ አፍ እንደ መኪና ይፈታታል እንዴ?" ትላለች። ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ በቀጭን መሣሪያ ገፋ አድርጋ ቀዳዳውን አወጣችው፤ ሁለት ደቂቃም አልፈጀባት። ቀኑ ግን ባከነ። የመጀመሪያው ቀን ያሳዩን አንዴ ብቻ፣ ያውም እየተጣደፉ ነበር። እናንተ እዚያው ሐኪሟ ፊት ራሳችሁ ሳታዞሩ አትውጡ። ሁለተኛ ቁልፍም ጠይቁ፤ ለእኛ የተሰጠን አንድ ብቻ ነበር፣ በጠፋብን ቁጥር ቤቱ ይገለበጣል።

ያማል ወይ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። እንደ ጥርስ ነቀላ አያምም። በዞረ ቁጥር ለአምስት ደቂቃ ያህል ውጥር ይላል። አፍንጫዋ ሥርና ዓይኗ ሥር ጫን የሚል ነገር ይሰማት ነበር። ሁለት ቀን ራሷን አሟት ሐኪሟ የነገረችንን ፓራሲታሞል ወሰደች። ፍልሰታን ስለምትጾም የጠዋቱን ዙር ከቅዳሴ በኋላ አደረግነው፤ ባዶ ሆዷን ማስታገሻ እንዳትውጥ።

ነሐሴ 4 ጠዋት የላይ ፊት ጥርሶቿ መሃል ክር የምታህል ክፍተት ታየች። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ስፌቱ ተከፍቷል ማለት ነው። ልጄ ግን መስታወት ፊት ቆማ አለቀሰች። እናቴ ደግሞ እልል አለች።

"ፍንጭት ወጣላት! ሰው በዘፈን የሚያወድሰውን እናንተ በገንዘባችሁ ገዛችሁላት!"

"እማዬ፣ ይዘጋል እኮ።"

"ለምን ይዘጋል? አንቺ ደግሞ!"

ማዞሩን ነሐሴ 11 ስንጨርስ ክፍተቱ ጎን ለጎን ሁለት የክብሪት እንጨት ያስገባ ነበር። ራጁ ላይ ላንቃዋ መሃል ጥቁር ሽንቁር ይታያል፤ ከፊት ሰፋ፣ ወደ ኋላ ጠበብ ያለ። ሐኪሟ ብሎኗን እንዳትመለስ አሰረቻት። ሁለት ቀን ቆይቶ ቡሄ ሆነ። ሙልሙሉን ቅርፊቱን ለወንድሟ ትታ ለስላሳውን በላች።

እንቁጣጣሽ ላይ በተነሳነው ፎቶ አፏን በእጇ ሸፍናለች። ትምህርት ሲጀመርም ስትስቅ እንደዚያው። ጥቅምት ላይ ረሳችው። ክፍተቱ ማንም ሳይነካው፣ ድዷ ጥርሶቿን መልሶ እየሳባቸው፣ ኅዳር ላይ ከሞላ ጎደል ተዘጋ።

ዕቃው ሥራውን በሁለት ሳምንት ጨርሷል። ቀሪው ስድስት ወር ተኩል መጠበቅ ነው፤ የተከፈተው ቦታ በአጥንት እስኪሞላ ብረቱ እዚያው መቆየት አለበት። ቶሎ ከወጣ ተመልሶ ይጠባል። ማንም በደንብ ያልነገረኝ ይህን ክፍል ነው። ሁሉም ስለ ቁልፏ ያወራል። የከበደኝ እንጀራው ነው።

አዎ፣ እንጀራ። ቆሎ፣ ማስቲካ፣ ከረሜላ እንደሚከለከል ይነግሯችኋል። በክረምት መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎም አይቻልም፤ ልጄ በየምድጃው ሥር ባለፍን ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። እንጀራን ግን ማንም አያነሳውም። ለስላሳ ነዋ። ብሎኗና ላንቃዋ መሃል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ገብቶ እንደ ልስን ይለጠፋል። በጥርስ ብሩሽ አይደረስበትም። ጎመን ደግሞ ብሎኗ ላይ እንደ ክር ይጠመጠማል። ካልወጣ በማግሥቱ ጠዋት ይሸታል፤ በጣም ነው የሚሸተው። የማያስቸግሩት አጥሚት፣ ገንፎ፣ ክትፎ እና ሾርባ ናቸው።

ያዳነን ከመድኃኒት ቤት የገዛነው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው፣ መርፌ የሌለው። ለብ ያለ ውሃ ሞልቶ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ከጎን ፊስስ ማድረግ። የገባው ሁሉ ወደ መታጠቢያው ይወርዳል፤ ስታዩት ትደነግጣላችሁ። ኅዳር ላይ እህቴ ከሜሪላንድ በሰው እጅ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የውሃ መርጫ ላከችልን። ጥሩ ነው፣ ድዷንም ያሻል። ውሃ በሚጠፋ ቀን ግን ሲሪንጁ በአንድ ኩባያ ሥራውን ይጨርሳል፤ ስለዚህ አልጣልነውም። ለቀለበቶቹ ዙሪያ የጥርስ መሃል ማጽጃ ትንሿን ብሩሽ ግዙ። ትምህርት ቤትስ? ከምሳ በኋላ በውሃ መጉመጥመጥ ብቻ ነበር የምትችለው። ማታ የሚጠብቀኝን እናንተው ገምቱ።

ኅዳር ላይ ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ቆሎ ቀረበ። እኔ ወሬ ላይ ነኝ። ልጄ "ትንሽ ብቻ" ብላ ዘግናለች። ከዚያ በኋላ የግራ የፊተኛው ቀለበት ለቀቀ። አልነገረችኝም። በአራተኛው ቀን አፏ የማልወደው ሽታ አመጣ፤ ብሎኑን በጣቴ ስገፋው ግራው ይነቃነቃል። ክሊኒክ አውልቀው፣ አጽድተው መልሰው አጣበቁት። ቀለበቱ ሥር ጥርሷ ላይ ነጭ ምልክት ጀምሯል። ምግብና ምራቅ ሥሩ ሲተኛ እንደዚያ ያደርጋል፤ ቢቆይ ይበሰብስ ነበር። ምልክቱ አሁንም አለ። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሽቦዎቹን በጣት ነካ ነካ አድርጉ፤ ምንም መነቃነቅ የለበትም።

ስለ አፍንጫ አንድ ነገር ልበል። የአፍ ጣሪያ የአፍንጫ ወለል ነው፤ ላንቃ ሲሰፋ የአፍንጫ መተላለፊያም ሰፋ ይላል። ልጄ አፏን ከፍታ ነበር የምትተኛው፤ አሁን ቀንሳለች። ነገር ግን ክረምቱም አልቋል፣ ጉንፋኗም አብሮ ሄዷል። ብሎኑ ነው ብዬ አልምልም። ለማንኮራፋት ብቻ ብላችሁ ይህን አታስገጥሙ።

ብረቱ የወጣ ቀን ላንቃዋ ላይ የሽቦዎቹ ቅርጽ ታትሞ ቀርቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። "አፌ አዳራሽ ሆነ" አለች። አሁን የላይኞቹ መንጋጋዎች ከታችኞቹ ውጪ ናቸው፣ የሙዳዩ ክዳን ገጥሟል። አገጯ ወደ መሃል መጥቷል። ብሎኑ 7 ሚሊ ሜትር ቢከፍትም አጥንቱ ያን ያህል አልሰፋም፤ ከፊሉ ጥርሶቹ ወደ ውጪ ዘንበል ማለታቸው ነው። ትንሽም ይመለሳል። ለዚህ ነው ከሚያስፈልገው ትንሽ አሳልፈው የሚያሰፉት። በመጀመሪያዎቹ ወራት "አበዙት" ብዬ ተናድጄ ነበር።

ከአምስት ስንት? ለዕቃው አምስት ሙሉ እሰጠዋለሁ። ለክሊኒኩ ሦስት። ብሎኑ መንገዱን ያሰፋል እንጂ ጥርስ አያስተካክልም፤ ከሱ በኋላ ብሬስ፣ ጥርስ ላይ ታስሮ የሚያስተካክለው ሽቦ፣ እንዳለ የነገሩን ሊያወጡት ሲሉ ነው። ገንዘቡን ለአንድ ነገር አጠራቅመን ሁለተኛው መጣ። ስትጠይቁ ጠቅላላውን ጠይቁ፦ ማስገጠሚያውን፣ ክትትሉን፣ ቢለቅ መልሶ ማጣበቂያውን፣ ማውጫውን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ።

ብሬሱ ሚያዝያ ላይ ይጀመራል። እስከዚያ ማታ ማታ የምታጠልቀው ፕላስቲክ ተሰጥቷታል። እናቴ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራን ልትሄድ ነው። ሐኪሟን የምትጠይቃት ነገር አላት፤ ሽቦውን ሲያስሩ ፊት ላይ ትንሽ ፍንጭት ይተዉላት እንደሆነ።