ከባንክራፕሲ በኋላ ቤት ለመግዛት፦ ኤፍኤችኤ፣ ኮንቬንሽናል ወይስ ነን-ኪውኤም?

አሜሪካ ውስጥ ባንክራፕሲ (ዕዳ መክፈል ሲያቅት በፍርድ ቤት የሚካሄድ የኪሳራ ሂደት) ያለፈበት ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ክሬዲት ስኮሩን ነው። ስኮር ግን በጥቂት ወራት ጥንቃቄ ሊያንሰራራ ይችላል፤ ከባንክራፕሲ በኋላ እንዲጠብቁ የሚጠየቀው ጊዜ ግን በጥንቃቄ አያጥርም። አበዳሪ ከማነጋገርዎ በፊት ሁለት ወረቀት ፈልገው ያውጡ፦ ፍርድ ቤቱ ዕዳዎን የሰረዘበትን ትእዛዝ (ዲስቻርጅ) እና፣ የቀድሞ ቤትዎ በባንክ ተወስዶ ከሆነ፣ ታይትሉ (የቤቱ ባለቤትነት) ከስምዎ የዞረበትን ሰነድ። የሚያዋጣዎትን ብድር ከምንም በላይ የሚወስኑት እነዚህ ሁለት ቀኖች ናቸው።

ቻፕተር 7 (ዕዳው ያለ ክፍያ ዕቅድ የሚሰረዝበት ባንክራፕሲ) ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ኢንሹራንስ የሚሰጠው ብድር) 2 ዓመት ያስጠብቃል፤ በፋኒ ሜ (የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛ ተቋም) ደንብ የሚሰጠው ኮንቬንሽናል (የመንግሥት ዋስትና የሌለው መደበኛ ብድር) 4 ዓመት። ሁለቱም የሚቆጥሩት ከዲስቻርጁ እንጂ ፋይል ካደረጉበት ቀን አይደለም። ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው ቪኤ እንደ ኤፍኤችኤ 2 ዓመት ነው፤ መብቱ ካለዎት ያለ ዳውን ፔይመንት (ከኪስ የሚቀመጥ ቅድሚያ ክፍያ) ስለሚሰጥ መጀመሪያ እሱን ይጠይቁ።

ቻፕተር 13 (ዕዳው በፍርድ ቤት በጸደቀ ዕቅድ በየወሩ የሚከፈልበት ባንክራፕሲ) ላይ ኤፍኤችኤ በግልጽ ይበልጣል። ክፍያው ገና ሳያልቅ፣ 12 ወር በሰዓቱ ከከፈሉና ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ከፈቀደ ማመልከት ይቻላል። ኮንቬንሽናል ከዲስቻርጅ በኋላ 2 ዓመት ይላል፤ ክፍያው ተቋርጦ መዝገቡ ከተዘጋ ደግሞ 4 ዓመት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባንክራፕሲና ፎርክሎዠር (ብድሩ ሳይከፈል ቀርቶ ባንኩ ቤቱን መውሰዱ) ሲደራረቡ ነው። ለምሳሌ ቻፕተር 7 ዲስቻርጁ መጋቢት 2021 ወጣ እንበል፤ የቤቱ ብድርም አብሮ ተሰረዘ። ባንኩ ግን ጊዜ ወስዶ ታይትሉን ያዞረው ሰኔ 2023 ነው። ኤፍኤችኤ ለፎርክሎዠር 3 ዓመት የሚቆጥረው ታይትሉ ከዞረበት ቀን ጀምሮ ለአዲሱ ብድር ኬዝ ነምበር (የኤፍኤችኤ መለያ ቁጥር) እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ስለሆነ፣ በሩ የሚከፈተው ሰኔ 2026 ነው። ፋኒ ሜ ለፎርክሎዠር በመደበኛው 7 ዓመት ቢጠይቅም፣ የቤቱ ዕዳ በባንክራፕሲው መሰረዙን በሰነድ ካሳዩ የባንክራፕሲውን 4 ዓመት ብቻ ሊቆጥር ይችላል። ይህ ማለት መጋቢት 2025። «ጠበቅ ያለ ነው» የሚባለው ብድር ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ተከፈተ ማለት ነው! ይህን የማያውቅ ሎን ኦፊሰር አጋጥሞዎት «7 ዓመት ይጠብቁ» ካለዎት፣ የዲስቻርጁን ትእዛዝና ቤቱ የተመዘገበበትን የዕዳ ዝርዝር ይዘው ሌላ ጋ ይሂዱ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። በኤፍኤችኤ ስኮር 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳውን ፔይመንቱ 3.5 በመቶ ነው፤ ከ500 እስከ 579 ከሆነ 10 በመቶ። ይህ የመንግሥት ወለል ነው፤ ብዙ አበዳሪዎች በራሳቸው ፖሊሲ ከፍ ያደርጉታል። የ300,000 ዶላር ቤት በ3.5 በመቶ ቢገዙ 10,500 ዶላር ያስቀምጡና 289,500 ይበደራሉ። በዚያ ላይ የ1.75 በመቶ ቅድሚያ ኢንሹራንስ (እርስዎ ባይከፍሉ አበዳሪውን የሚጠብቅ)፣ 5,066 ዶላር ገደማ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብድሩ ላይ ይደመራል። ዓመታዊው 0.55 በመቶ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በወር ወደ 133 ዶላር ይመጣል። ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይህ ወርሃዊ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ አይነሳም፤ 10 በመቶ ካስቀመጡ በ11 ዓመት ይቆማል።

የኮንቬንሽናል ኢንሹራንስ ዕዳው ከቤቱ የመነሻ ዋጋ 80 በመቶ ሲደርስ በጥያቄ፣ 78 በመቶ ላይ በራሱ ይነሳል፤ ለሁለቱም ክፍያዎ የተስተካከለ መሆን አለበት። ነገር ግን ዋጋው በስኮር ይወሰናል። ኤፍኤችኤ 600 ላለውም 740 ላለውም አንድ ዓይነት ኢንሹራንስ ያስከፍላል። ስለዚህ ስኮሩ ገና ዝቅ ያለ ሰው ኮንቬንሽናል ቢፈቀድለት እንኳ ወርሃዊውን ሳያነጻጽር አይፈርም።

ነን-ኪውኤም የሚባሉት፣ የፌዴራሉን መደበኛ የብድር መስፈርት የማያሟሉ ብድሮች፣ በየአበዳሪው ይለያያሉ። ዲስቻርጅ በወጣ ማግስት የሚያበድሩ አሉ፤ በምትኩ ከፍ ያለ ወለድና 20 በመቶ ወይም የበለጠ ዳውን ፔይመንት ይፈልጋሉ። «በኋላ ሪፋይናንስ ታደርጋለህ» (ብድሩን በአዲስ ትተካለህ) የሚለውን በጥርጣሬ ይስሙት፦ የክሎዚንግ (ብድሩን የማጠናቀቂያ) ወጪ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው፤ ወለድ እንደሚወርድም ማንም አይፈርምልዎትም። ለኤፍኤችኤ ስድስት ሰባት ወር ብቻ ከቀረዎት ተከራይቶ መቆየቱ ይሻላል።

የትኛውንም ቢመርጡ የክሬዲት ሪፖርትዎን ከሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን አውጥተው መስመር በመስመር ያንብቡ። የተሰረዘ ዕዳ ባላንሱ ዜሮ መሆን ሲገባው ዛሬም ያልተከፈለ መስሎ የተቀመጠ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዲስፒዩት (ስህተት ነው የሚል አቤቱታ) ሲያደርጉ ቢሮው በመደበኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። ይህን ግን ከማመልከትዎ በፊት ይጨርሱ፤ በኤፍኤችኤ ከሕክምና ውጪ የሆኑ፣ ዲስፒዩት ላይ ያሉ መጥፎ አካውንቶች ድምር 1,000 ዶላር ከደረሰ ፋይሉ ከኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ማንዋል (በሰው የሚደረግ) ምርመራ ይሄዳል። ኮሌክሽንም (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ) እንዲሁ፦ ከሕክምና ውጪ ያለው ድምር 2,000 ዶላር ከደረሰና ካልከፈሉት ወይም የክፍያ ስምምነት ከሌለዎት፣ አበዳሪው 5 በመቶውን እንደ ወርሃዊ ዕዳ ይቆጥረዋል። የ4,000 ዶላር ኮሌክሽን በየወሩ 200 ዶላር እንደሚከፍሉ ተደርጎ ከአቅምዎ ላይ ይቀነሳል፤ አምስት ሳንቲም ባይከፍሉበትም።