የጥር ሙሽሮች ወደ ዛንዚባር፣ የፋሲካ ሙሽሮች ወደ ሲሼልስ

ደብረ ብርሃን ላይ በጥር የሚያገባ ሰው ሃኒሙኑን ሙቀት ያለበት ቦታ ማሳለፍ ቢመኝ አይፈረድበትም። ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ነው። ለሙቀቱ ብቻማ ሸዋ ሮቢት መውረድ ይበቃ ነበር፤ ባሕር የለውም እንጂ። ባሕር ሲባል ደግሞ እዚህ የማወዳድራቸው ሁለት ናቸው፦ የታንዛኒያ አካል የሆነችው ዛንዚባርና ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የደሴቶች አገር ሲሼልስ። ለሁለቱም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ይበራል፣ ሁለቱም ነጭ አሸዋ አላቸው፣ ፎቶ ላይ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የሚለየው ወሩና ኪሱ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ከሆቴሉ ፎቶ ይጀምራል። እኔ ከሠርጉ ቀን ጀምሩ ነው የምለው። ዛንዚባር በጥርና በየካቲት ፀሐይ ናት፣ ትሞቃለች። ሲሼልስ ግን ዋናው ዝናቧ የሚወርደው በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ የጥር ሙሽሮች ብዙ አታስቡ። ከፋሲካ በኋላ ለምታገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዛንዚባር ላይ ማሲካ የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፤ አንዳንድ ሆቴል ጭራሽ ይዘጋል፣ ያልተዘጋውም ዋጋ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። «ትልቅ ቅናሽ አለን» የሚል ፓኬጅ ካያችሁ መጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ። ሲሼልስ ላይ በሚያዝያ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ባሕሩም ይረጋል።

ወደ ኪስ ስንመጣ ዛንዚባር በግልጽ ትረክሳለች። ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ደህና የእንግዳ ማረፊያ ይገኛል፣ ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ወርዳችሁ ከመንገድ ላይ እየተጠበሰ በሚሸጠው መጥገብ ትችላላችሁ። አንድ የማይቀር ወጪ አለ፤ ከኦክቶበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለውጭ አገር ጎብኚ ግዴታ የሆነው ኢንሹራንስ፣ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሲሼልስ ግን አብዛኛው ምግብ ከውጭ ስለሚገባ ሬስቶራንቱ ያቃጥላል። ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን ደሴት፣ ከዚያ ወደ ላ ዲግ ደሴት ለመሻገር የሚከፈለው የጀልባ ሒሳብም ሳይታሰብ ይከማቻል። መፍትሔው ኩሽና ያለው ማረፊያ መያዝና ምሳን ከቴክአዌይ መግዛት ነው። ላ ዲግ ላይ ደግሞ ታክሲ አያስፈልጋችሁም፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት ነው የሚሄደው።

ወረቀቱ ላይ ሲሼልስ ትቀላለች። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመነሳታችሁ በፊት በኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ትሞላላችሁ፣ የመመለሻ ትኬትና የማረፊያ ማረጋገጫ ታያይዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ለዛንዚባር የሚያስፈልገውን የታንዛኒያን ቪዛ ግን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጨርሱ።

አሁን ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር። ዛንዚባር ስትሉ የትኛው ዳርቻ? ምሥራቁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጠዋት ለዋና ፎጣችሁን አንጠልጥላችሁ ስትወጡ ውሃው የለም፤ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ጋደም ብለዋል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው በገመድና በችካል ያሰሩትን የባሕር አረም ይለቅማሉ፣ ውሃው ከሩቅ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ለማየት ያምራል፣ ለዋና ግን አይሆንም፤ ተራምዳችሁ ልድረስበት ካላችሁም እሾሃም የባሕር ጃርት ስላለ የውሃ ጫማ አድርጉ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የምትፈልጉ ሰሜኑን ያዙ፣ ኑንግዊን ወይም ኬንድዋን። ከአውሮፕላን ማረፊያው በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ሰውም ይበዛበታል፣ ግን ውሃው ብዙ አይሸሽም።

ዋና ለማይችል (ደጋ ያደገ ሰው ብዙው እንደዚያው ነው፣ ማፈር አያስፈልግም) ላ ዲግ ላይ ያለው አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚባለው የባሕር ዳርቻ ይመቻል። ግራጫ ቋጥኞቹ መሃል ያለው ውሃ ጥልቀት የለውም፣ ውሃው ውስጥ ያለው የኮራል ዐለት ማዕበሉን ከሩቅ ይሰብረዋል። መግቢያ ያስከፍላል። እዚያው ደሴት ላይ ያለው ግራንድ አንስ ግን ቆንጆ ሆኖ ውሃው ሰው ወደ ውስጥ የሚጎትት ነው፤ እግር ነክሮ መመለስ።

ምግቡን በተመለከተ የጥር ሙሽሮች ረቡዕና ዓርብ መጾማችሁ አይቀርም። ዛንዚባር ላይ በኮኮናት የተሠራ አደንጓሬ ከሩዝ ጋር በቀላሉ ይገኛል። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ስለሚገባ ቀኑን አይታችሁ ቁረጡ፤ ከሆቴል ውጪ ቀን ላይ የሚበላበት ይጠፋል። የፋሲካ ሙሽሮች ግን በዓለ ሃምሳ ውስጥ ናችሁ፣ ጾም የለባችሁም፣ የሲሼልስን ዓሣ እንደ ልባችሁ።

የሠርግ ወቅትን ለማይጠብቁና ከክረምቱ ጭጋግ ለመሸሽ ለሚያስቡ፦ ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱም ጋ ዝናቡ ይቀንሳል። ዛንዚባር ግን ያን ጊዜ ፈረንጅ ስለሚሞላት ዋጋዋ ይወደዳል። ሲሼልስ ላይ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይመታል፣ ስለዚህ ማሄ ላይ በሰሜን ምዕራብ ያለውን የቦ ቫሎን ዳርቻ ምረጡ።

የትም ሂዱ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይዛችሁ ውጡ፤ ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ በሁለቱም በር ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋችሁ 10 ቀን በኋላ ነው፣ አንዴ ከተወሰደ ለዕድሜ ልክ ነው። በሠርግ ሳምንት ማንም አያስታውሰውምና ከሽማግሌ መላኩ ጋር አብራችሁ ጨርሱት።