የምግብ ካርድ ወይስ ጥሬ ገንዘብ?

አሜሪካ ድሃ ቤተሰብን ከምትረዳባቸው መንገዶች አንዱ ስናፕ የሚባለው የምግብ ካርድ ነው። ረሃብ ያስታግሳል፤ ይህ አይካድም። ግን ዳይፐር አይገዛም፣ ሳሙናም አይገዛም። እናት ካሸር ፊት ቆማ ዳቦውን ለብቻ፣ ሳሙናውን ለብቻ ትለያለች። ሰው እያየ!

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2021 ዴሞክራቶች ያሰፉት የልጆች የታክስ ድጎማ ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በወር እስከ 300 ዶላር፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ባንክ ይገባ ነበር። ለኪራይ ይሁን ለጫማ፣ ወላጅ ይወስናል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። «ያባክኑታል» የሚለው ወሬ ያናድደኛል።

እርዳታን ጭምር በሚቆጥረው የመንግሥት መለኪያ የልጆች ድህነት በዚያ ዓመት 5.2 በመቶ ደረሰ። የድጎማው ማስፋፊያና ሌሎች የኮሮና ጊዜ እርዳታዎች ሲቋረጡ፣ በ2022 ወደ 12.4 በመቶ አሻቀበ።