የናሳው የእሳት ካርታ ፊርምስ፦ ነጥቡን እንዴት ማንበብ ይገባል?

ፊርምስ ሳተላይቶች ያዩትን ሰደድ እሳት በነጻ የሚያሳይ የናሳ ካርታ ነው። ያለ ምዝገባ ይከፈታል፤ መረጃውም አብዛኛውን ጊዜ ሳተላይቱ ካለፈ በ3 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ለክትትል በቂ ነው፣ እሳት ፊት ቆሞ ለሚያጠፋ ሰው ግን ይዘገያል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዩ ነጥብ ላይ ነው። ነጥቡ የሚያርፈው እሳቱ ላይ ሳይሆን ከፍተኛ ሙቀት የታየበት ፒክስል (የሳተላይቱ ምስል የሚከፋፈልበት ትንሹ ካሬ) መሃል ላይ ነው። የፒክስሉ ጎን ሞዲስ በተባለው የሳተላይት መሣሪያ 1 ኪሎ ሜትር፣ ቪርስ በተባለው ደግሞ 375 ሜትር ሲሆን ሳተላይቱ ወደ ጎን አዘንብሎ ሲያይ ይሰፋል። ነጥቡ ሐይቅ ላይ ቢያርፍ እሳቱ ዳርቻው ላይ ሊሆን ስለሚችል ቸኩሎ መጣል አይገባም። ነጥብ ቆጥሮ የተቃጠለ ሄክታር ማስላትም አያዋጣም።

ለዕለት ሥራ ቪርስን ይምረጡ፤ ቪርስ የተጫነባቸውን ሳተላይቶች፣ ሱኦሚ ኤንፒፒን፣ ኖአ-20ን እና ኖአ-21ን፣ አንድ ላይ ያብሩ። ሦስቱም የሚያልፉት ከቀትርና ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ዘግየት ብለው ነው፤ በመካከል ተነሥቶ የጠፋ እሳት አይመዘገብም። ጭስ ብዙም አያግዳቸውም፣ ወፍራም ደመና ግን ይጋርዳቸዋል። ባዶ ካርታ «እሳት የለም» ማለት አይደለም።

ነጥቡን ሲጫኑ ሰዓቱ (በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መቀየር አለበት)፣ በሜጋ ዋት የተለካው የእሳቱ ኃይል እና የእርግጠኝነት ደረጃው ይወጣሉ። በቪርስ ቀን ላይ «ዝቅተኛ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የፀሐይ ነጸብራቅ ካለበት ቦታ ወይም ከአካባቢው ብዙም ካልተለየ ሙቀት የመጣ ነው። ለማስጠንቀቂያ አያጥፉት፣ ለሪፖርት ግን ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጉለት። የነዳጅ ጋዝ ማቃጠያና እሳተ ገሞራም በነጥብ ይወጣሉ። መለያው ቀላል ነው፦ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሱ፤ ሰደድ እሳት ቦታ ይለውጣል፣ ጋዝ ማቃጠያው ሌሊት ሌሊት እዚያው ነው።

አካባቢ መርጦ በኢሜይል ማስጠንቀቂያ መቀበል ይቻላል፤ ከአገልግሎቱ ሁሉ ይህን እናስቀድማለን።

ደካማ ጎኑ የብዙ ዓመታት ንጽጽር ላይ ነው። ጥፋቱ የመረጃው አይደለም፤ ካርታው ተጠቃሚውን በበቂ አያስጠነቅቅም። የሞዲስ መዝገብ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2000፣ የሱኦሚ ኤንፒፒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ ኖአ-20 እና ኖአ-21 ከዚያ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ሁሉንም ደምሮ ግራፍ የሠራ ሰው እሳት ሳይበዛ «በዛ» ይላል፤ የበዙት ሳተላይቶቹ ናቸውና። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሳተላይት ብቻ ይውሰዱ። ፈጥኖ የሚለቀቀው መረጃ በኋላ ተጣርቶ በመደበኛው ስለሚተካ፣ ከማኅደሩ ሲያወርዱ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ አይቀላቅሉ።