ተክለ ሃይማኖት ያለው የአሸንዳና የታንከር ሱቅ፦ ከሩቅ ውኃ በፊት እዚህ ጎራ በሉ

አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የጣሪያ አሸንዳና የውኃ ታንከር የሚሸጥ አንድ ጠባብ ሱቅ አለ። በአጭሩ፣ ሂዱ። ዋጋው ከጎረቤቶቹ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ያዋጣል።

ሌላ ሱቅ ስትገቡ "ስንት ሊትር ይሁንልሽ?" ነው የሚሏችሁ። እዚህ ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ልጄ፣ ጣሪያሽ ስንት በስንት ነው?" ብለው ነው። ስምንት በአምስት አልኳቸው። ካርቶን ቀደዱ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አወረዱና ማስላት ጀመሩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። እንግዲህ 40 ካሬ ቆርቆሮ በዓመት 40,000 ሊትር ይቀበላል፣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 2,000 ጊዜ ማለት ነው። የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ብዙ ነው። ይሄ ሁሉ ውኃ ከግቢያችን ወጥቶ ቦይ ሲገባ እኛ ፈረቃ እንጠብቃለን፣ ሲብስብን ቦቴ እንጠራለን።

ሥራቸው ጥሩ ነው። አሸንዳውን የሚይዙትን ብረቶች ቀረብ ቀረብ አድርገው ነው የሚመቱት፣ ክረምት ላይ በረዶ ሲከመርበት እንዳይጎብጥ። መውረጃው ላይ ወንፊት አለ። ከታንከሩ በፊት ደግሞ ክዳን ያለው አጭር ቱቦ ይተክላሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ጠራርጎ እዚያ ይገባል፣ ንጹሑ ወደ ታንከሩ ያልፋል። ታንከሩ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ስለማያስገባ አልጌ አያበቅልም። ቅሬታም አለኝ፦ ሠራተኞቹ ከቀጠሮው ዘግይተው መጡ፣ አንዱን መገጣጠሚያም ሲሊኮን በደንብ ሳይቀቡት ስለሄዱ ያንጠባጥብ ነበር። ስደውል ግን ሳያጉረመርሙ መጥተው አስተካከሉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። ውኃ በጠፋ ቁጥር የምንሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሌላ ግድብ፣ ሌላ ረጅም መስመር። የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች አሉን፣ የአቃቂ ጉድጓዶች አሉን፣ የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ዕቅድ ደግሞ ሲወራ ዓመታት አልፈዋል። መንገድ ዳር የፈነዳ ቱቦ ቀኑን ሙሉ እየፈሰሰ፣ ጣሪያችን ሳይታሰብ፣ ብድር ተበድሮ ከሩቅ ውኃ ማምጣት ለእኔ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ግድብ በሚተኛበት መሬት ላይም ገበሬ አለ። ውኃውን የምንጠጣው እኛ፣ መሬቱን የሚያጣው እሱ።

የአሜሪካዋን ላስ ቬጋስ ተመልከቱ። በረሃ ላይ ነው ያለችው፣ በዓመት የሚዘንብባት 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ከምሥራቅ ኔቫዳ ሸለቆዎች የከርሰ ምድር ውኃ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቱቦ ለመሳብ ፈቃድ ጠየቀች። ከብት አርቢዎች፣ የአካባቢው ነባር ሕዝቦችና የተፈጥሮ ጥበቃ ቡድኖች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተሟገቱ፣ ወጪውም ከነወለዱ ከ15 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ፣ በመጨረሻም በ2020 ዕቅዱ ተተወ። ከተማዋ ታዲያ በውኃ ጥም አልሞተችም። ውኃ የሚፈጀውን የግቢ ሣሩን ለሚነቅል ነዋሪ ገንዘብ ከፈለች፣ ከየቤቱ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርታ ውኃ ወደምትቀዳበት የኮሎራዶ ወንዝ ግድብ፣ ወደ ሚድ ሐይቅ መለሰች፣ ሕዝቧ እየጨመረ ከኮሎራዶ ወንዝ የምትወስደው ውኃ ቀነሰ። እኛ አሥር እጥፍ ዝናብ ይዘን ጣሪያችንን ለመጠቀም ምን ያግደናል? ለአዲስ ሕንፃ ፈቃድ ሲሰጥ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ በተግባር ይጠየቅ፣ አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ታንከሩ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይቅረብለት፣ ግድቡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የማይሆነውን ልንገራችሁ። 2,000 ሊትር ታንከር እስከ ጥር አያደርስም፣ በጋውን የሚያሻግር ነገር አትጠብቁ። ለመጠጥም እኔ አልጠቀምበትም። ለልብስ፣ ለመጸዳጃ ቤት፣ ለወለልና ለአትክልት ግን ክረምቱን በሙሉ ቧንቧውን እረሳዋለሁ።

መሄድ ያሰባችሁ ግንቦት ሳይወጣ ሂዱ። ሰኔ ከገባ ወረፋው ረጅም ነው፣ ገጣጣሚም አይገኝም። የጣሪያችሁን ልክ ለክታችሁ ሂዱ፣ ማጓጓዣውን ደግሞ ዋጋው ውስጥ ይጨመር እንደሆነ ሳትከፍሉ ጠይቁ።