ቨርጂኒያ ሽጉጥ የምትገዙ ወገኖች፣ የካርቶኑን ቁጥር ሳታዩ እንዳትፈርሙ

ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው ከመደብሩ እንደወጣሁ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ያለ የመሳሪያ መደብር ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ሽጉጥ አዲስ ነው ብሎ ሸጠልኝ፤ ልመልስ ስሄድ ደግሞ በሰው ፊት አዋረደኝ።

እነዚህን ሻጮች ታውቋቸዋላችሁ። ስትገቡ ቀና ብለው አያዩም፤ አነጋገራችሁን ሲሰሙ ደግሞ ጮክ ብለው፣ ቃሉን እየጎተቱ ያወሯችኋል። እኔ ሌሊት ሱቅ ዘግቼ ካሽ ይዤ የምወጣ ሰው ነኝ። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃዴን ከሰርኪት ኮርት በሥርዓቱ አውጥቻለሁ። የሄድኩት ሲግ ፒ365 ልገዛ ነበር፤ 9 ሚሊሜትር፣ ከሸሚዝ ሥር የማይታይ፣ 10 ጥይት የሚይዝ። ሻጩ ከመስታወቱ ውስጥ እንኳን አላወጣልኝም። «እሱ የሴት ነው፤ ላንተ የሚሆንህ 45 ነው» ብሎ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ 45 አስጨበጠኝ።

45 ካሊበር ትልቅ ጥይት መሆኑ እውነት ነው፤ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ተኩል ይጠጋል። ግን ስሙን ያስጠራው 1911 የሚባለው የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ አፈሙዙ 5 ኢንች ነው፤ የሺልዱ 3.3 ኢንች ብቻ። አፈሙዙ ሲያጥር ጥይቱ ፍጥነት ያጣል። ሽጉጡ ሲቀል ደግሞ እጅ ላይ ይዘላል፣ ሁለተኛውን ጥይት ዒላማው ላይ ማሳረፍ ይከብዳል። የሚይዘውም 6 ወይም 7 ነው። ሌላው ባለ 45 ሽጉጥ ግሎክ 30 አስር ጥይት ይይዛል፣ ግን ወፍራም ስለሆነ በበጋ ቲሸርት አይደበቅም። ግሎክ 36 ቀጠን ይላል፣ እሱም 6 ነው። የ45 ጥይት ዋጋውም ከ9 ሚሊሜትር ይወደዳል። ኤፍቢአይ ራሱ ከ40 ካሊበር ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል። ሻጩ ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። 45ቱን የገፋብኝ ያንን ያገለገለ ሽጉጥ ከእጁ ለማውጣት ነው።

ፎርሙን ሞላሁ፣ የስቴት ፖሊስ ማጣሪያው አለፈ፣ ከፈልኩ። ማታ ወታደር የነበረ ጓደኛዬ መጥቶ ፈታታው። አፈሙዙ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ብረት ወጥቷል፤ የጫፉ ጠርዝ ከሽጉጥ ማህደር በመውጣትና በመግባት አልቋል። ከኋላው ማነጣጠሪያ ሥር ሰማያዊ የልብስ ክር ተሰክቷል። የሰው ልብስ ክር! ከፋብሪካ ሁለት የጥይት ካዝና ይዞ መምጣት ሲገባው ያለው አንድ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የለጠፉትን የዋጋ ወረቀት ስልጠው ከሥሩ የፋብሪካው መለያ ቁጥር ወጣ፤ ሽጉጡ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ደረሰኙ ላይ የጻፉት የሽጉጡን ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲጽፉ አይተውታል፤ ወረቀቱንም እዚያ ቦታ ላይ የለጠፉት አውቀው ነው።

ዛሬ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ያው ሰውዬ ነበር። ክሩን አሳየሁት። በጥፍሩ ጎትቶ አወጣው፣ መሬት ላይ ጣለው፣ «ፋብሪካው ተኩሶ ነው የሚልከው፤ አዲስ ነው» አለኝ። ፋብሪካ እንደሚሞክር አውቃለሁ፤ የሚቀረው ግን ትንሽ ጥላሸት ነው፣ ቀለም አይፍቅም፣ ክርም አይሰካም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አሳየሁት። ወደ ግድግዳው ጠቆመኝ፤ ሽያጭ ሁሉ የመጨረሻ ነው የሚል ጽሑፍ። «ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ። አጠገቡ ያለው ልጅ ሳቀ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እሺ መልሳችሁ ግዙኝ ስለው ሽጉጡን አንስቶ በመብራቱ አገላበጠና፣ ያንኑ የተፋቀውን አፈሙዝ በጣቱ እየነካ፣ «ይሄማ ያገለገለ ነው፤ 180 ዶላር» አለኝ። እኔ ከ400 በላይ ነው የከፈልኩት። ከደቂቃ በፊት በዚያው አፉ አዲስ ነው ብሎኛል! ቋንቋው ቢያጥረኝም ክብሬ አላጠረኝም፤ ሽጉጤን ይዤ ወጣሁ።

ፎቶውን፣ ካርቶኑንና ደረሰኙን ይዣለሁ። ለቨርጂኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታዬን ዛሬውኑ አስገባለሁ።

እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት የዋጋ ወረቀቱን አስነሱና ቁጥሩን አመሳክሩ፤ ፈትቶ አፈሙዙን ያሳያችሁ፤ ካዝናውን ቁጠሩ። እምቢ ካለ ጥላችሁ ውጡ። ዲሲና ሜሪላንድ የምትሠሩ ደግሞ የቨርጂኒያ ፈቃድ እዚያ አይሠራም፤ ታጥቃችሁ ድልድዩን እንዳትሻገሩ።